ኩልል ባለ ውሃ ውስጥ ያለቁት ዓሦች

ካፌዋ ባሕር ዳር ናት፤ ከሐይቁ ዳር መንገድ ብዙም አትርቅም። ባለቤቷ ስላልፈለገች ስሟን አልጠራም። ካፌዋ ውስጥ ባለው የመስታወት ዓሣ ማኖሪያ (አኳሪየም) በአንድ ወር ውስጥ ከ20 በላይ ዓሦች ሞተውባታል። ከአዲስ አበባ ሁለት ጊዜ አስመጣች፤ ሁለቱም ጊዜ ያው ሆነ። ጉዳዩን መጻፍ የፈለግኩት በሟቾቹ ብዛት አይደለም። ዓሦቹን የፈጃቸው ትጋት ስለሆነ ነው። የካፌዋ ሰዎች ዓሣ በሞተ ቁጥር አብዝተው ያጸዳሉ፤ ባጸዱ ቁጥር ደግሞ ዓሣ ይሞታል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። አኳሪየሙን የሠራው የአሉሚኒየምና መስታወት ቤት ነው። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 40፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር። እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ 112 ሊትር ይይዛል። ጠጠሩና ጌጡ የያዘው ቦታ ሲቀነስ 100 ሊትር እንበለው። ውስጡ በአየር ፓምፕ የሚሠራ አንድ የስፖንጅ ፊልተር (ውሃ ማጣሪያ)፣ አንድ ሂተርና አንድ መብራት አለ። ዕቃው ምንም አይወጣለትም።

የጎደለው ጊዜ ነበር። ባለቤቷ ለጥምቀት እንዲደርስላት ፈልጋለች። ጥር 11 ሲቃረብ ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ እንግዳ ደግሞ የሚያየው ነገር ይፈልጋል። አኳሪየሙ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ውሃ ገባበት። ዓሣ ሻጩ በስልክ "ውሃውን አንድ ሌሊት አሳድሩትና ልቀቋቸው" አላቸው። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው። አየር እያገኘ ያደረ ውሃ የቧንቧውን ክሎሪን ያስወጣል። የቀረውን ግማሽ ግን ማንም አልነገራቸውም።

ዓሦቹ 20 ነበሩ፦ 6 ጎልድፊሽ፣ 8 ጋፒ፣ 6 ኒዮን ቴትራ። ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል ታሽገው፣ ሙሉ ቀን በመኪና ተጉዘው መጡ። ጎልድፊሽ ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። ኒዮን ደግሞ የመጣው ከአማዞን ተፋሰስ ነው፣ ሙቅ ውሃ ነው የለመደው። አንድ ላይ መግባት አልነበረባቸውም። ይሁን፣ የገደላቸው እሱ አይደለም።

ሦስት ቀን ሁሉም ሰላም ነበር። ደንበኛው መስታወቱ ጋ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። አስተናጋጁ ልጅ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ያበላቸዋል። ከወላጆቻቸው ጋር የመጡ ሕፃናትም ዳቦ ይፈረፍሩላቸዋል። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ላይ ላዩን ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፋፍቱ ጀመር። "ርቧቸው ነው" ተባለና ምግብ ተጨመረ። በማግስቱ ኒዮኖቹ አለቁ። ከዚያ ጋፒዎቹ። ሳምንቱ ሲያልቅ የቀሩት ሦስት ጎልድፊሽ ብቻ ናቸው።

ትልቁ ጽዳት የመጣው ያኔ ነው። ሦስቱ ጎልድፊሽ ባልዲ ውስጥ ተደረጉ። ውሃው በሙሉ ተደፋ። ጠጠሩ በፈላ ውሃ ታጠበ። ስፖንጁ በበረኪና ተዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሁሉም ነገር ፏ ካለ በኋላ አኳሪየሙ በንጹህ ውሃ ተሞላ። ለጥምቀት ሰሞን ሌላ 12 ጋፒና ሞሊ መጣ። እነሱም አራት ቀን ያህል ደህና ሰንብተው መሞት ጀመሩ። እኔ የተጠራሁት አምስቱ ከሞቱ በኋላ ነው።

ስደርስ ክሱ ብዙ ነበር። አንዱ ሲሊኮኑን ይከሳል። የመስታወት ሲሊኮን ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፤ የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት ዓይነት ደግሞ እውነትም ዓሣ ሊገድል ይችላል። ጥርጣሬው መናኛ አልነበረም። ግን ሲሊኮኑ ከደረቀና ሽታው ከጠፋ ቆይቷል። ሦስቱ ጎልድፊሾችም እዚያው ውስጥ ወር ሊሞላቸው ነው። ሌላው "የአዲስ አበባ ዓሣ የእኛ አየር አይስማማውም" ይላል። ዓይን ነው ያለም አልጠፋም፤ ካፌ መሀል የተቀመጠ ዓሣ መቼም የሚያየው አያጣም።

ወደ መልሱ የተጠጉት አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩ። "ልጄ፣ አምባዛ እንኳ ከውሃ ወጥቶ ስንት ሰዓት ይቆያል። እነዚህ ውሃ ውስጥ ሆነው አየር የሚለምኑት ምን ሆነው ነው?" አሉኝ። አምባዛ አየር በቀጥታ የሚስብበት ተጨማሪ አካል አለው። ገበያ ላይ ቶሎ የማይሞተው ለዚህ ነው። ጋፒና ጎልድፊሽ ይህ የላቸውም። ጥያቄያቸው ግን ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ አየር ከለመነ ወይ ውሃው ኦክስጅን አጥሮታል፣ ወይ ዓሣው መተንፈሻው ተጎድቷል። መተንፈሻ የምለው ከጭንቅላቱ በሁለቱም ጎን፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን ቀይ ክፍል ነው።

ውሃው ኩልል ብሏል። ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ ከዓሣና ከምግብ ትራፊ የሚወጣው መርዝ፣ አሞኒያ፣ ቀለም የለውም፣ በዚህ መጠን ሽታም የለውም። በጠብታ የሚሠራ መመርመሪያ ይዤ ነበር። የቧንቧው ውሃ አሞኒያ ዜሮ ሆነ። የአኳሪየሙ 4 ሚሊግራም በሊትር። ፒኤች፣ ማለትም የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ 8። ሙቀቱ 21 ዲግሪ፣ ምክንያቱም ሂተሩ ማታ ማታ ይነቀላል። ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬትም ዜሮ። ታሪኩን የሚናገሩት እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ናቸው።

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን አሞኒያ በዋናነት በመተንፈሻው በኩል ወደ ውሃው ይለቃል። የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ስፖንጁ፣ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች አሉ። አንዳንዶቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይቀይራሉ፤ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። አሞኒያም ናይትራይትም መርዝ ናቸው። ናይትሬትን ግን ካልበዛ በቀር ዓሣ ይችለዋል፤ ውሃ ሲቀየርም ይወጣል። ካፌዋ ውስጥ አሞኒያው 4 ሆኖ ናይትራይቱ ዜሮ መሆኑ ባክቴሪያዎቹ ገና ሥራ አልጀመሩም ማለት ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ ዝግተኞች ናቸው። ምግብ የሚያበላሹት ዓይነቶች በየግማሽ ሰዓቱ በእጥፍ ሲበዙ፣ እነዚህ ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። አዲስ አኳሪየም እስኪደላደል ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

አስተናጋጁን "በቀን ምን ያህል ታበላቸዋለህ?" አልኩት። "ኧረ ትንሽ ነው" አለኝ። ትንሹን በኬክ ሚዛናቸው መዘንነው። የሦስቱ ጊዜ ተደምሮ 3 ግራም መጣ። በዓሣ እርባታ የሚሠራበት ስሌት አለ፦ 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ካለው 1 ግራም ምግብ 35 ሚሊግራም ያህል አሞኒያ ይወጣል። ከ3 ግራም ከ100 ሚሊግራም በላይ ይወጣል ማለት ነው። 100 ሊትር ላይ ሲከፋፈል በቀን 1 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል፤ በአራት ቀን 4። መመርመሪያው ያሳየን ይህንኑ ነው። ዓሦቹ በሁለቱም ዙር አራተኛው ቀን ላይ የታመሙት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባቸው። የሕፃናቱን ዳቦ ገና አልቆጠርንም።

አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሁለት መልክ አለው። አሞኒየም የሚባለው ብዙም አይጎዳም። መርዙ ነጻው አሞኒያ ነው። የሁለቱን ድርሻ በዋናነት የሚወስነው ፒኤች ነው። ሙቀቱ 21 ዲግሪ ሆኖ ፒኤች 7 ከሆነ መርዛማው ክፍል ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒኤች 8 ላይ ግን 4 በመቶ ይደርሳል። አሥር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ካፌዋ ውስጥ የ4 ሚሊግራም 4 በመቶ 0.16 ይሆናል። 0.05 ላይ እንኳ መተንፈሻው መጎዳት ይጀምራል።

ከሩቅ ዓሣ የሚያስመጣ የባሕር ዳር ሰው ስለ ፒኤች አንድ ሌላ ነገር ማወቅ አለበት። ዓሣው ፌስታሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አሞኒያ ሲለቅ ይውላል። ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያስወጣል፤ እሱ ፒኤቹን ስለሚያወርደው አሞኒያው ያን ያህል አይጎዳም። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ የተጠራቀመው አሞኒያ መርዝ ይሆናል። የካፌዋ ሰዎች ፌስታሉን ከፍተው በየአምስት ደቂቃው አንድ ስኒ ውሃ እየጨመሩ ሰዓት ሙሉ "አለማመዷቸው"። ከሰፈር ሱቅ ለተገዛ ዓሣ መልካም ዘዴ ነው። ቀኑን ሙሉ ለተጓዘ ግን ፌስታሉ እንደታሸገ 15 ወይም 20 ደቂቃ አኳሪየሙ ላይ ይንሳፈፍና ሙቀቱ ይስተካከል። ከተከፈተ በኋላ መዘግየት የለም፤ ዓሣው ብቻ በመረብ ወጥቶ ይግባ። የፌስታሉ ውሃ ይደፋ።

አሁን ወደ በረኪናው እንምጣ። በመጀመሪያው ዙር ማንንም አልወቅስም፤ የተነገራቸውን ነው ያደረጉት። ሁለተኛውን ዙር ያመጣው ግን ጽዳቱ ነው። ስፖንጁ ላይ ጥቂት ባክቴሪያ መያዝ ጀምሮ ነበር። እሱን በበረኪና መዘፍዘፍ ቡሃቃውን እርሾው እስኪጠፋ ፈትጎ አጥቦ ሊጡ ለምን አልቦካም እንደማለት ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ፣ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ነው። ያውም ውሃ ማሳለፍ ሲያቅተው ብቻ። ቡኒ መሆኑ ነውር የለውም። ባለቤቷ ይህን ለመቀበል ተቸግራ ነበር፤ ካፌ የሚያስተዳድር ሰው ቡኒ ስፖንጅ አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል።

ውሃን በተመለከተም ከሷ ጋር ትንሽ ተከራክረናል። "ወንድሜ፣ ጣና ውስጥ ማን ውሃ ይቀይራል? ማን ስፖንጅ ያስገባል?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ይገቡበታል፣ ዓባይ ይወጣበታል፤ ውሃ ቀያሪ አለው ማለት ነው። ጭቃው፣ ድንጋዩና ደንገሉ በሙሉ ባክቴሪያ ያደረበት ስፖንጅ ነው። አንድ ዓሣ የሚደርሰው የውሃ መጠን ደግሞ ከ5 ሊትር ጋር አይወዳደርም። እሷ አመነችኝ፤ አስተናጋጁ ግን ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሌላ ነበር። በማግስቱ ሁለት ጀሪካን የሐይቅ ውሃ ይዞ መጣ። "የዓሣ ውሃ ነው" አለ። መለስነው። ጠቃሚው ባክቴሪያ የሚኖረው ዕቃ ላይ ተጣብቆ ስለሆነ ጀሪካን ውስጥ የሚመጣው እዚህ ግባ አይባልም። በከተማው ዳርቻ ከተቀዳ ውሃ ጋር የሚመጣው ጥገኛ ተውሳክና ቀንድ አውጣ ነው። እምቦጭ አሞኒያ ይመጥጣል ብሎ ያሰበም ነበር። መምጠጡስ ይመጥጣል፣ ግን ያንን አረም ከሐይቁ አንስቶ ቦታ ቦታ ማዞር አይገባም። በየቤቱ ጠርሙስ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ሐረግ ሥሩን ብቻ ውሃ ውስጥ ቢያደርግ ያንኑ ሥራ ይሠራል። አሁን የካፌዋ አኳሪየም ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል።

የባሕር ዳር ከፍታም በጉዳዩ ውስጥ እጁ አለበት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን እንኳ እዚህ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ጅቡቲ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። "ለዚህ ያህል ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" የሚሉት የኢንተርኔት ቀመሮች ይህን አይቆጥሩም። እኔ እዚህ ከቀመሩ አንድ ሦስተኛ እቀንሳለሁ። ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቸገሩት ዓሦቹ ናቸው፣ ቀጥሎ ስፖንጁ። ካፌዋ ጀነሬተር አላት፣ ግን ማታ ይጠፋል። የአየር ፓምፑ የሚፈልገው 5 ዋት ብቻ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚሠራው የካሸሯ ኮምፒዩተር አሮጌ ዩፒኤስ ጋር አገናኘነው። ቀን ከሆነ ደግሞ በጆግ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይሠራል። ልጁ ይህን ሥራ ወዶታል፤ ደንበኛ ያየዋል።

ያደረግነው ሌላው ነገር አሰልቺ ነው። ምግብ ለሁለት ቀን ተከለከለ። ጤነኛ ዓሣ ሳምንት ሳይበላ ይቆያል፤ ስለዚህ "ይራባቸዋል" የሚለው ጭንቀት ቀርቷል። ጠጠሩ ሥር የተቀበረው ምግብና ዳቦ በቱቦ ተስቦ ወጣ። ለተከታታይ ሦስት ቀን የውሃው ግማሽ ተቀየረ፣ ከዚያ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ሲሶው። ዓላማው አሞኒያውን ከ0.5 በታች ማቆየት ነበር። በነሱ ፒኤች ያ ማለት መርዛማው ክፍል 0.02 ነው። ውሃው የሚዘጋጀው በክፍት በርሜል ውስጥ ነው፤ አየር እየተነፋበት ሌሊቱን ያድራል። ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ይህን አይተካም። ሮቶ ክዳን አለው፣ በየጊዜውም አዲስ ውሃ ይገባበታል። ለሚቸኩል ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ክሎሪንን ወዲያው ያጠፋል፤ ለ100 ሊትር የቧንቧ ውሃ ግማሽ ግራም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ነገሩን ያፋጠነው ግን ከቤቴ አኳሪየም የመጣ የቆየ ስፖንጅ ነው። እንዳይደርቅ በራሱ ውሃ፣ ክዳን ባለው ባልዲ ወሰድኩትና ከነሱ ስፖንጅ አጠገብ አስቀመጥነው። ይህ የሚደረገው ዓሣው ጤነኛ ከሆነ አኳሪየም ብቻ ነው፤ አለበለዚያ በሽታም አብሮ ይመጣል።

በሁለተኛው ሳምንት አሞኒያው ወረደ። ሁሉም ደስ አለው። ናይትራይቱ ግን ወደ 2 ወጣና ሁለት ጋፒዎች ሞቱ። ናይትራይት በመተንፈሻው ገብቶ ደሙን ቡናማ ያደርገዋል፤ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ዓሣው አየር በሞላበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል። መድኃኒቱ ኩሽና ውስጥ ነበር፦ ጨው። ለ10 ሊትር 1 ግራም፣ ለነሱ በጠቅላላ 10 ግራም፤ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ነው። ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በመተንፈሻው እንዳይገባ ይሻማዋል። በዚህ መጠን አዮዲን ያለበት የቤት ጨው ችግር የለውም። ውሃ ሲቀየር የተደፋው ውሃ ድርሻ ብቻ ይተካል። ከዚያ በኋላ የሞተ የለም።

የካቲት አጋማሽ ላይ አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 20 ሆነ። ባለቤቷ ኅዳር ላይ ጀምራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ያለ አንድ ዓሣ ይሠራ ነበር። ውሃውን ሞልታ፣ ፊልተሩንና ሂተሩን ሳታጠፋ፣ በየቀኑ አንድ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ባዶው ውሃ ውስጥ ትጥላለች። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣል፣ ባክቴሪያው ይመገበዋል። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሲሆኑና ናይትሬት ሲታይ ዓሣ ይገባል፤ እሱም አራት አራት እየሆነ፣ በየሁለት ሳምንቱ። ለጥምቀት በደንብ ይደርስላት ነበር።

ጎልድፊሾቹ ሰፊ የሲሚንቶ ገንዳ ወዳለበት የዘመድ ግቢ ተዛወሩ። አምስቱ ጋፒና ሞሊ እዚያው አሉ፤ ሂተሩም ከእንግዲህ አይነቀልም። ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ግራም የማይበልጥ ሆኗል። ቆርቆሮው ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ልጁ ጋ የለም። ለዳቦው መስታወት ቤቱ ክዳን ሠርቷል። ባለቤቷ ሰሞኑን ደግሞ ከጣና ትንንሽ ቆሮሶ አምጥታ ልትጨምር አስባለች። ቆሮሶ አድጎ 30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፣ ወንዱ ጠጠሩን እየቆፈረ ጎጆ ይሠራል፣ አፉ የቻለውንም ይበላል። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አኳሪየም ውስጥ መዞሪያ እንኳ አይኖረውም። እንዲህ ብዬ ነገርኳት፤ አሁን የምትጠይቀው የሲሚንቶው ገንዳ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ነው።